ከ«አይዞሽ» ቀጥሎ ምን ይባላል? ለካንሰር ታማሚ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ሲብራራ

አክስቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት በሰማች ማግስት ቤታችን በሰው ተሞላ። ሐምሌ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። የመጣው ሁሉ ጋቢውን እንደተከናነበ ገብቶ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ይላታል። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ከዚያ ቡና ይቀርባል። ስለ ዝናቡ ይወራል፤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይወራል። ማታ ሰው ሁሉ ሲበተን ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ሁሉም አይዞሽ አለኝ። ምን እንደፈራሁ ግን የጠየቀኝ የለም» አለችኝ።

እኔም አልጠየቅኳትም ነበር።

ጥቅምት በመጣ ቁጥር ስለ ጡት ካንሰር ብዙ ይነገራል። ስለ ምርመራው፣ ኬሞ ስለሚባለው የካንሰር መድኃኒት፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው። በሽታው ሐሳብ ውስጥ ገብቶ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን ብዙም አይወራም። ለእሱም የራሱ ሕክምና እንዳለው የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚያ ሕክምና በቀላል አማርኛ ልጻፍ።

ሕመሙ የሥጋ ነው፤ ሐሳብ ምን አገባው?

ካንሰር የሰውነታችን ሴሎች ሥርዓታቸውን ጥሰው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ ሕመም ነው። በቀዶ ጥገና፣ በኬሞ፣ በጨረር ወይም በሆርሞን መድኃኒት ይታከማል። ሰው ግን ዕጢውን ብቻ ይዞ ሆስፒታል አይመጣም። ያልታጨደ ማሳ፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ትምህርት ላይ ያለ ልጅ፣ የተሸጠ በሬ በሐሳቡ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። መጀመሪያ ነርስ ሆነች። ቀጥላ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆነች፤ በመጨረሻም ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ጽኑ ሕሙማን የሚታገዙበትን ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ታማሚውን በሦስት ሙያ ስላየችው «ሙሉ ሕመም» የሚል አባባል አወጣች። የሥጋው ሕመም፣ የሐሳቡ ሕመም፣ የቤተሰብና የገንዘብ ጭንቀቱ፣ «ለምን እኔ?» የሚለው የመንፈስ ጥያቄ አንድ ላይ እንደ ገመድ የተገመዱ ናቸው ማለቷ ነው። አንዱን ክር ብቻ ብትፈቱት ገመዱ አይላላም።

ይህ በቁጥርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተለያዩ ሀገራት የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጥቶ ነበር። በሆስፒታል ከሚታከሙ 10 የካንሰር ታማሚዎች ውስጥ ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ድባቴን (የማይለቅ ከባድ የሐዘን ሕመም) ወይም ሌላ ከስሜት ጋር የተያያዘ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ድባቴ የያዘው ሰው አይበላም። አይተኛም። «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ቀጠሮ ይቀራል። ኬሞ ደግሞ በተቆጠረ ቀን የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሐሳብ አገባው የምለው ለዚህ ነው።

ሰው ከታማሚው ለምን ይሸሻል?

አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ውስጥ አለ። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ካንሰርን «ነቀርሳ» ይለዋል። የሳንባ በሽታውንም፣ በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቲቢ ማለቴ ነው፣ «የሳንባ ነቀርሳ» እንለዋለን። አንድ ቃል ሁለት የተለያየ በሽታ ላይ ዋለ። ስለዚህ የጡት ነቀርሳ ሲባል ይጋባል ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። ሳህኗ ይለያል። ብርጭቆዋ ይለያል። ልጅ እንዳይጠጋት ይደረጋል።

ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከአንድ ገበታ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ መሳም፣ ማጠብ፣ ምንም አያመጣም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት መተላለፉ እውነት ነው፤ ካንሰሩ ራሱ ግን አይተላለፍም። ይህን ለቤተሰብ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ራሱ የሥነ ልቦና ድጋፍ ነው። ሳህኗ ተመልሶ ከሌላው ጋር ሲደረደር ታማሚዋ የሚሰማትን እፎይታ በክኒን አታገኙትም።

ሽታ የሚያሸማቅቃቸው ሴቶችም አሉ። የማኅፀን በር ካንሰር ሲገፋ ፈሳሹ ይሸታል። ሴትየዋ ቤተ ክርስቲያን ትቀራለች፣ ማኅበር ትቀራለች፣ ከባሏ አልጋ ትለያለች። ማንም አይጠይቃትም፤ እሷም አትናገርም። ብዙ ጊዜ ሐኪም ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን፣ በየጤና ጣቢያው ያለውን ርካሽ መድኃኒት ሲያዝላት ሽታው ይቀንሳል። አንዳንዴ የልብ ስብራት መድኃኒቱ እንዲህ ቅርብ ነው፤ የሚያስቸግረው አፍ አውጥቶ መናገሩ ነው።

ማዘን ያለ ነው። በሽታ የሚሆነው ምን ላይ ነው?

እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ሰው ያለቅሳል፣ ይናደዳል፣ «ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል» ይላል። እንቅልፍ ያጣል። ይህ የጤነኛ ሰው ሐዘን ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል። በመሐል ልጁ ሲያስቀው ይስቃል። ጎረቤት ሲመጣ ይጫወታል።

ድባቴ ግን እንደ ጣርማ በር ጉም ነው። ይወርዳል፣ አይነሣም። ባለሙያዎች የሚያዩት በዋናነት ጊዜውንና ጥልቀቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ፣ በየቀኑ፣ ለ2 ሳምንት ያህል ከዘለቀ ይመረመራል። ለዚህ የሚጠቀሙባቸው 9 አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። «ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት አጥተዋል ወይ?» «ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ነበረዎት ወይ?» የሚሉ ናቸው።

ካንሰር ላይ ይህን መለየት ያስቸግራል። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት ከኬሞውም ይመጣሉ። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ ወደ ውስጥ ያያል። ሰውዬው የሚወደውን ነገር ጨርሶ ጠልቷል? ራሱን ይወቅሳል? «እኔ ሸክም ነኝ» ይላል? እነዚህን ኬሞ አያመጣቸውም።

ሌላም ቀላል መለኪያ አለ፤ የጭንቀት ቴርሞሜትር ይባላል። ከ0 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈበት የቴርሞሜትር ሥዕል ነው። 0 ምንም ጭንቀት የለም፤ 10 ከዚህ በላይ የለም። ታማሚው «ባለፈው ሳምንት የት ጋ ነበሩ?» ተብሎ ይጠየቃል። 4 እና ከዚያ በላይ ካለ ምክንያቱ ይፈለጋል። ቁጥር ማንበብ ለማይችል ሰው በጣት ማሳየት ይቻላል። ደቂቃ አይፈጅም።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ አትለፉት። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። እንዲያውም ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒቶችንና የፀረ ተባይ ኬሚካል ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ሕክምናው ላይ ምን ይደረጋል?

የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ወይም ብዙ ሰው እንደሚለው ቴራፒ፣ በሠለጠነ ሰውና በታማሚው መሐል የሚደረግ፣ ዓላማና ቀጠሮ ያለው ንግግር ነው። ምክር መስጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአክስቴን ቤት የሞላው ሰው ሁሉ ቴራፒስት ነበር።

መንዝ ላይ አህያ ጭኖ ገበያ የወረደ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል አህያዋ ከክብደቱ ይልቅ በማጋደሉ ትጎዳለች። ገጣባ ይወጣባታል። ነጂው ጭነቱን አያራግፈውም፤ እህሉ ገበያ መድረስ አለበት። መንገድ ዳር አቁሞ ገመዱን ይፈታል፣ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል፣ ገጣባው ላይ የሚያርፈውን ያነሣል፣ መልሶ ያስራል። ቴራፒ የሚሠራው ይህን ነው። ካንሰሩን አያነሣም። ሸክሙ የት ጋ እየላጠ እንደሆነ ፈልጎ ያስተካክላል።

የአክስቴን ነገር ላምጣው። ሁለተኛው ኬሞ ላይ ከአልጋ መነሣት ተወች። አንዲት ነርስ አይታ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ላከቻት። አክስቴ «አበደች ብለው ነው» ብላ ተቆጣች። እኔም በልቤ ደነገጥኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ወጥቶ ከፊቷ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚመጣብዎት ሐሳብ ምንድን ነው?» አላት።

ዝም አለች። እሱም ዝም አለ። እኔ ዝምታው ከብዶኝ ልናገር ስል በእጁ ምልክት ያዝ አደረገኝ። ቆይታ ቆይታ፣ «ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። እኔን ስታስታምም ሳትፈተን ልትቀር ነው» አለች።

ወራት ሙሉ ሞትን ትፈራለች ብለን ነበር የምናጽናናት።

ልጁ ወረቀት አወጣና ሁለት ቦታ ከፈለው። በአንዱ በኩል መፍትሔ የሚገኝላቸው፣ በሌላው በኩል በእጃችን ያልሆኑ ችግሮች። የልጅቷ ፈተና በመጀመሪያው በኩል ገባ። ማን መቼ እንደሚያድር እዚያው ተጻፈ፤ እኔ ሰኞና ማክሰኞ፣ የአጎቴ ልጅ ረቡዕና ሐሙስ። ይህ ዘዴ ችግር አፈታት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ቦታ በአጭር ሥልጠና እንዲሰጥ ያዘጋጀው የ5 ጊዜ ክትትል አለ፤ ችግር አፈታትና አተነፋፈስ ማስተካከል በውስጡ አሉ። እኛ ያየነው ከእሱ ጋር ይመሳሰላል።

ሌላው በሰፊው የሚሠራበት አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያክም ዘዴ ነው። መሠረቱ ቀላል ነው። ሐሳብ ስሜትን ይጎትታል፤ ስሜት ድርጊትን፤ ድርጊት ደግሞ ተመልሶ ሐሳቡን ያጠነክረዋል። ፀጉሯ የረገፈ ሴት «ሁሉም ሰው ያየኛል» ብላ ታስባለች። ታፍራለች። ከቤት አትወጣም። ቤት ስትውል ደግሞ ያንኑ ስታብሰለስል ትውላለች። ባለሙያው ይህን ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ይበጥሰዋል። «ሁሉም ሰው ነው የሚያየው? ባለፈው እሑድ ማን አየሽ? ምን አለ?» ይላል። ወይም በድርጊቱ በኩል ይመጣል፤ ሻሽ አስረሽ እስከ አጥሩ በር ብቻ ውጪ፣ ነገ እስከ ጎረቤት። ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ኬሞው ካበቃ ከወራት በኋላ ተመልሶ እንደሚበቅል መንገርም ከሕክምናው ይቆጠራል።

አክስቴ በበግ ጠጉር ፈትል የታወቀች ናት። ለባና የሚሆን ክር እሷ ጋ ነበር የሚመጣው። ከኬሞው በኋላ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ እንዝርቱ ከእጇ ይወድቃል። «እጄ ከፈትል ወጣ፤ ምን ቀረኝ?» ትላለች። ልጁ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዝርቷን ይዛ እንድትመጣ ነገራት። አመጣችው። በቀን 10 ደቂቃ፣ ክሩ ቢበጠስም ባይበጠስም፣ ብሎ አዘዘላት። ልክ እንደ ክኒን ወረቀት ላይ ጻፈው። የመጀመሪያው ሳምንት ክር ሁሉ ጉጥ ጉጥ ነው። አሁንም ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ዕድሜውን ሙሉ የሚመላለስበት ነገር አይደለም፤ ለብዙዎች ጥቂት ወራት ይበቃል። የሚነገረው ሁሉ ምስጢር ነው፤ ከዚህ ውጪ የሚሆነው ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲሆን ነው።

ሕመሙ ጽኑ ለሆነ፣ መዳን ለማይጠበቅለት ሰውም ሕክምና አለ። ካናዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሃርቪ ቾቺኖቭ ያዘጋጀው ዘዴ ታማሚው ስለ ሕይወቱ እንዲናገር ይጠይቃል። የምትኮራበት ነገር ምንድን ነው? ልጆችህ ስለ አንተ ምን እንዲያውቁ ትፈልጋለህ? ንግግሩ ተጽፎ፣ ተስተካክሎ ለቤተሰቡ ይሰጣል። እኛ አገር አባት ከመሞቱ በፊት ልጆቹን ሰብስቦ ታሪክ ነግሮ፣ መርቆ፣ ቃሉን ሰጥቶ ነው የሚሰናበተው። ሁለቱ ዘመድ ይመስሉኛል።

መድኃኒትስ ያስፈልጋል?

ለአንዳንዱ ያስፈልጋል። ድባቴው ከበድ ሲል ንግግሩና ክኒኑ አብረው ይሄዳሉ። የድባቴ መድኃኒት ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለው ለነርቭ ሕመምም ስለሚሆን ሁለት ሥራ ይሠራል። ሱስ ያስይዘኛል ብላችሁ አትስጉ፤ በድንገት ግን አይቋረጥም። ለማረጋጊያ የሚሰጠው ዳያዜፓም ግን ሌላ ነው። ልማድ ያስይዛል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ ለእንቅልፍ መዋጥ አይገባም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ታሞክሲፈን የሚባል የሆርሞን መድኃኒት ይወስዳሉ። ለድባቴ በብዛት የሚታዘዘው ፍሎክሰቲን ደግሞ ታሞክሲፈን ሰውነት ውስጥ ወደሚሠራው መልኩ እንዳይለወጥ ያግደዋል። ስለዚህ ሁለቱ ባይገናኙ ይመረጣል፤ ሌላ አማራጭ አለ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትሄዱ የካንሰር መድኃኒታችሁን ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ። አሳዩ።

ሕመም ሳይስታገስ ደግሞ ማንም በንግግር አይጽናናም። አጥንቱ እያመመው ሌሊት የሚያቃስት ሰው መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ይፈልጋል፤ ካስፈለገ ሞርፊን። በሐኪም መጠን ሲሰጥ አያሳብድም፤ ሞትንም አያፋጥንም።

ለታማሚው እንንገረው ወይስ እንደብቀው?

ቤተሰብ የሚጨቃጨቅበት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። «ከነገራችኋት ትሞታለች፣ ጨጓራ ነው በሏት» ይባላል። ሐኪሙም በር ላይ ተይዞ ይለመናል። ከፍቅር ነው የሚመጣው፤ አውቃለሁ። ታማሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። የካንሰር ክፍል ተቀምጦ፣ አጠገቡ ፀጉሩ የረገፈ ሰው እያየ እንዴት አያውቅም? ስለዚህ እሱ እኛን እንዳያስጨንቅ ይደብቃል፤ እኛ እሱን እንዳናስጨንቅ እንደብቃለን። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ለብቻው ያለቅሳል።

እኛ ከባድ ዜና እንዴት እንደሚነገር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶ አለን። መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም። በማታም አይነገርም። ሲነጋ፣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመድ ተሰብስበው፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ከተነገረ በኋላ ማንም ተነሥቶ አይሄድም።

ሐኪሞች ክፉ ዜና ለመንገር የሚማሩት እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ባለ 6 ደረጃ መንገድ አለ፤ ስፓይክስ ይባላል። ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጅ። ምን እንደሚያውቅ ጠይቀው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቀው። በቀላል ቃል ንገረው። ሲያለቅስ አብረኸው ቆይ። ቀጥሎ ስለሚደረገው ተነጋገሩ። አያቶቻችን ከዚህ ውስጥ ብዙውን ያውቁት ነበር። የሚጨመረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው፤ ታማሚውን መጠየቅ። «ውጤቱን ለራስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?» አንዳንድ ሰው ለልጄ ይላል። ያም መብቱ ነው።

ጸበሉስ?

ሰሜን ሸዋ ላይ ሆኖ ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ጻድቃኔ ማርያም፣ ከየአገሩ ሰው ይመጣል። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ደግሞ ዱዓ የሚያደርግ ቤተሰብ አለ። እምነት ለብዙ ታማሚ ትልቁ መጽናኛ ነው፤ ጎበዝ ባለሙያም አይነጥቀውም። እንዲያውም ይጠይቅበታል።

የሚጎዳው ኬሞውን ጥሎ ጸበል መግባት ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ይህንኑ አይተናል፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ጸበል ለመግባት ያሰበ የኬሞ ታማሚ ቀኑን ለሐኪሙ ይንገር። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ብርድና ያልተጣራ ውሃ በየትኛው ሳምንት እንደሚያሰጋው ሐኪሙ ያውቃል።

ጾምም አለ። በሁዳዴ ኬሞ የሚወስዱ እናቶች እንቁላል እንዲበሉ ሲነገራቸው የሚይዛቸው የጥፋተኝነት ስሜት ቀላል አይደለም። ይህን ሐኪም አይፈታውም። የንስሐ አባት ይፈታዋል፤ የታመመ እንዲበላ ይፈቅዳሉ። «ምን በድዬ ነው ይህ የመጣብኝ?» የሚለውን ጥያቄም ቀርቦ የሚያነጋግር ካህን ብዙ ሊያቀልለው ይችላል።

ጠንካራ የሆነ፣ ተስፋ ያልቆረጠ ይድናል የሚባለው እውነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1989 ከአሜሪካ አንድ ጥናት ወጣ። ካንሰራቸው የተሰራጨ የጡት ካንሰር ታማሚዎች በቡድን እየተገናኙ ሲነጋገሩ ዕድሜያቸው ረዘመ የሚል ነበር። ዓለም ተደሰተ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሰፋ ባለ ቁጥር ሲደገም ዕድሜ አልጨመረም። ሴቶቹ ግን ጭንቀታቸው ቀንሶ ነበር፤ የሕመም ስሜታቸውም እንዲሁ።

ስለዚህ ቴራፒ ዕጢ አያሟሽሽም። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ምክንያቱም «ጠንክሪ፣ አታልቅሺ፣ ካለቀስሽ ይብስብሻል» እየተባለች የኖረች ሴት በሽታዋ ሲመለስ «ስላለቀስኩ ነው» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ልቅሶ ካንሰርን አያባብስም። ታልቅስ።

አስታማሚውስ?

እሱን የሚጠይቀው የለም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ከእኛ አካባቢ ብዙው ወደዚያ ይሄዳል። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ለሚነሣ መንገዱ ይበልጥ ይርቃል። አስታማሚው መሬት ላይ ይተኛል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ብር ይቆጥራል፣ ታማሚው ፊት ይስቃል። አስታማሚም በድባቴ ሊያዝ ይችላል። ተራ አውጥታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ሸክሙን ሁሉ አንድ ሰው ላይ አትጣሉ።

ይህ ሁሉ የት ይገኛል?

ደብረ ብርሃን ያለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የአእምሮ ሕክምና ማለት እብደት ማለት አይደለም፤ ካርድ ስታወጡ አትፈሩ። ካንሰሩን የሚያክመውን ሐኪም «ሐሳብ በዝቶብኛል፣ የሚያነጋግረኝ ሰው እፈልጋለሁ» በሉት፤ ይልካችኋል። አዲስ አበባ ላይ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ይሰጣል፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ በጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ላይ ይሠራል። ማደሪያ ማግኘት ራሱ ግማሽ ጭንቀት ያቀልላል።

ባለሙያ እስኪገኝ ደግሞ እድርና ማኅበር አለን። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል። ሰው በሕይወት እያለ ለኬሞ ትራንስፖርት ቢያዋጣ ምን ይለዋል? ይህን በየስብሰባው እላለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

ልጠይቅ ስሄድ ምን ልበል?

አይዞሽ በሉ። ጥሩ ቃል ነው። ከዚያ ግን አትቁሙ። ተቀመጡ፤ ቁመው የሚናገሩት ቃል አይገባም። «እከሌም ይኸው በሽታ ይዞት ሞተ» አትበሉ። «ቅጠል አለ፣ ይሄን ጠጪ» አትበሉ። ስትናገር አታቋርጧት፤ ስታለቅስ «ተዪ፣ ተዪ» አትበሏት። መናገር ካልፈለገችም አታስገድዷት፤ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ይቻላል።

አንዲት ጎረቤታችን አለች። ብዙ የማታወራ ሴት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የራሷን እንዝርት ይዛ መጣች። አክስቴ አልጋ ሥር ተቀምጣ መፍተል ጀመረች። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም። በመጨረሻ ቀና ሳትል፣ «እህቴ፣ ከቀንና ከሌሊቱ የቱ ነው የሚከብድሽ?» አለቻት።

«ሌሊቱ» አለች አክስቴ።

በዚያ ሳምንት ሁለት ሌሊት ባናዋን ይዛ መጥታ አብራት አደረች።